«ሲሠራ ይከፈታል» የሚለው የጆሮ ማዳመጫ ሻጮች ምክር

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች ከአንዱ የገዛሁት የጆሮ ማዳመጫ የቀኙ ድምፅ ከግራው ዝቅ ይል ነበር። በማግስቱ ይዤው ስመለስ ባለሱቁ በትሕትና ተቀበለኝና «አዲስ ስለሆነ ነው፤ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ይከፈታል» አለኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የመቀየሪያ ጊዜ ግን 7 ቀን ብቻ ነበር። በቀን 2 ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው 100 ሰዓት የሚሞላለት በ50ኛው ቀን ነው። አምኜ ጠበቅሁ፤ ስመለስ ጊዜው አልፏል ተባልሁ።

ባለሱቁ ሆን ብሎ ዋሽቶኛል አልልም። ማዳመጫ ሲሠራበት ድምፁ ይለወጣል የሚለው እምነት በሌላው ዓለም ያሉ የድምፅ ወዳጆችንም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ከባዶ የተነሣም አይደለም። በአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ማግኔት፣ ከቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ኮይል እና ከኮይሉ ጋር የተጣበቀ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለ፤ ኮይሉ ሲንቀጠቀጥ ሽፋኑ አየሩን እየገፋ ድምፅ ይፈጥራል። ይህ ሽፋን ጠርዙ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጥቂቱ ሊላላ ይችላል። በትልልቅ ስፒከሮች ላይ መላላቱ በመሣሪያ ሲለካ በግልጽ ይታያል። የጆሮ ማዳመጫው ሽፋን ግን እጅግ ቀላል ነው፤ እንቅስቃሴውም ከሚሊሜትር በታች ስለሆነ፣ ከመላላቱ የሚመጣው ለውጥ ማዳመጫውን አውልቆ መልሶ በማድረግ ብቻ ከሚፈጠረው ልዩነት ያንሳል። ለውጥ አለ ብንል እንኳ ግራና ቀኙ የሚሠሩት እኩል ሰዓት ነውና፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለበትን ጉድለት አብሮ መሥራት ሊያስተካክለው የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ጎንደር ስለዚህ ጉዳይ ስከራከር ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ምሳሌ ማሲንቆ ነው፤ የአዝማሪ አገር ነንና አይገርምም። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፤ ከበሮም ድምፁ ሲረግብ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ማዳመጫ ውስጥ ያለው ሽፋን ቆዳ አይደለም፤ ደግሞም አዝማሪው ማሲንቆውን በየጊዜው በጆሮው እየሰማ በእጁ ይቃኘዋል እንጂ በራሱ እስኪቃና አይጠብቀውም።

በአገልግሎት ብዛት ድምፁን በእርግጥ የሚለውጠው ሌላ ነው። ሥራዬ የአረጋውያንን ትረካ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ስለሆነ አንድ ትልቅ ማዳመጫ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አይለይም። በሁለተኛው ዓመት ስፖንጁ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ሆነ፣ የላይኛው ልባስ እየተላጠ ጥቁር ፍርፋሪው ጆሮዬ ላይ ይቀር ጀመር፣ ቤዙም ሳሳ። ስፖንጁ ከጆሮ ዙሪያ ጋር ካልገጠመ አየር ያሾልካል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። አዲስ ስፖንጅ ባስገባሁበት ማታ የአንድ አዛውንት ድምፅ እንደ ቀድሞው ከደረታቸው ሲወጣ ሰማሁት። የታናሽ እኅቴ ኤርፎን ደግሞ አንዱ ጎን ሞቷል ተብሎ ሊጣል ነበር። ጎማውን አውልቄ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ወንፊቱን ኩክና የመንገድ አቧራ ደፍኖት አየሁ። አፉን ወደ ታች ይዤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ ስጠርገው ድምፁ ተመለሰ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን ጆሮ መለወጡ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስንጓዝ የሞተሩን ጩኸት ለመሸፈን ድምፁን እስከ መጨረሻው እንከፍታለን፤ ስንወርድ ሁሉም ነገር የታፈነ ሆኖ ይሰማናል። ጆሮው ለጊዜው ደክሟል ማለት ነው፤ ዕረፍት ካገኘ ያገግማል፣ ድካሙ ከተደጋገመ ግን ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ በ90 ዴሲቤል ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ «እንዲከፈት ጮክ አድርገህ አጫውተው» ተብሎ የተመከረ ልጅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ 100 ሰዓት ቢቆጥር ምን እንደሚደርስበት ማሰብ አያዳግትም። በመጨረሻ «ለመድሁት፣ ተስተካከለ» ቢል እንኳ የተለወጠው ማዳመጫው ይሁን የልጁ ጆሮ በምን ይለያል?

ስለዚህ የከተማችንን ባለሱቆች የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት ገዢው አንድ የሰው ንግግር በሁለቱም ጆሮ እንዲያዳምጥ ይፈቀድለት፤ ንግግሩ መሐል ለመሐል ካልተሰማውና ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ዕቃው እዚያው ይቀየርለት። ሻጩ «100 ሰዓት ጠብቅ» ካለም የመቀየሪያው ጊዜ ከዚያ በኋላ እንደሚቆጠር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የእኔው ማዳመጫ 100 ሰዓቱን ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖታል፤ የቀኙ ድምፅ ዛሬም በገዛሁት ቀን እንደነበረው ዝቅ ያለ ነው።