ድሬ ላይ አንቱ ከተባልክ

በዝውውር ድሬዳዋ የገባ የመሥሪያ ቤት ኃላፊን መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ሙቀቱ አይደለም፤ «አንተ» ነው። ከዚራ ሠፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማ ሲያስጠርግ ሊስትሮው ብሩሹን ኳ ያደርግና «አንተ፣ እግርህን ቀይር» ይለዋል። ሰውዬው ዙሪያውን ያያል። የደነገጠ የለም።

እሱም በተራው ያስደነግጣል። ቀፊራ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት ሻጯን «እናቴ፣ በስንት ይሸጡልኛል?» ይላታል። ሴትዮዋ ሚዛኑን አስቀምጣ ቀና ትላለች። «አቦ፣ ምን አጠፋሁ?» ዋጋውም እዚያው ይጨምራል። የአክብሮት ቀረጥ መሆኑ ነው።

መዝገበ ቃላት ብትገልጥ «አንቱ» የክብር ነው። አልዋሸም። ድሬ ላይ ግን ክብሩ ርቀትን አስከትሎ ይመጣል። ትናንት «አንተ» ሲልህ ያመሸ ጎረቤት ዛሬ ጠዋት «እንደምን አደሩ?» ካለህ ተቀይሞሃል፤ ቶሎ ሽማግሌ ላክ። መታረቃችሁን የምታውቀው «አንተ ቀጣፊ!» ብሎ ትከሻህን ሲመታህ ነው። እዚህ ጋ «ቀጣፊ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለህ ከተነሳህ ሽማግሌዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያደርጉ ሌላ ሥራ ሰጠሃቸው።

እኔ ነገሩን በባቡሩ አሳብባለሁ። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ከኦሮሞውና ከሶማሌው ጋር አንድ ሠፈር ሲገባ ማን ለማን አንቱ ይበል? ደግሞ በዚያ ሙቀት ቃል ማርዘም ምን ያደርጋል!

ሌላውም ቃል እንደዚሁ ነው። «ታይዋን ደርሼ ልምጣ» ያለህ ሰው ፓስፖርት አይዝም፤ የዕቃ ገበያው ስም ነው። «የዋህ» ለቅሶ ቤት ምስጋና ነው። ገበያ መሀል «ይሄማ የዋህ ነው» ሲሉህ ከሰማህ ግን ኪስህን ዳብስ።

«ልጅ» የሚለው ቃልማ ዕድሜ አያውቅም። በቀደም አንድ ቢሮ ወረፋ ይዘናል። ከዘራ የያዘ ጡረተኛ ከፊቴ አለ። አዲስ የተቀጠረው ጸሐፊ ብድግ ብሎ ወንበሩን አቀረበ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

ሰውዬው ወንበሩንም ልጁንም ገላመጠ።

«አባትህ ቤት ነው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ።»

ወንበሩን በከዘራው ወደ እኔ ገፋው።