600 ዩሮ ይቅር ለእግዜር

አዲስ አበባ ታክሲ ተሳፍሮ በመልስ ያልተጣላ ካለ እጁን ያውጣ። ረዳቱ አምስት ብር ይይዛል። «ዝርዝር የለኝም» ይላል። አለቀ! ከኋላ ወንበር አንዱ «እኛ እኮ የተናቅነው ዝም ስለምንል ነው» ብሎ ይከፍተዋል። መሀል ያለው ይቀበለዋል። ጋቢና ያሉት ሴትዮ ሳይቀሩ አንገታቸውን ያዞራሉ። ታሪፉ ይነሳል፣ የረዳቱ አስተዳደግ ይነሳል፣ የመንግሥት ነገር ይነሳል። አምስት ብሯ ሳትመጣ ንቅንቅ የለም። መብት ነዋ!

ዛሬ የመጣሁት ግን ሌላውን ጠባያችንን ላመሰግን ነው። ይኸው የአምስት ብር አርበኛ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ሲደርስ ለዘገየ በረራ የሚገባውን የ600 ዩሮ ካሳ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ለማን? ለአየር መንገድ። ያውም ሳይመጻደቅ። መጽሐፉ ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል። እኛ በለጥን። የኛ ቀኙም አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ይህን ቸርነት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አየር መንገዱን በስም አልጠራም። ተመጽዋች በስም አይጠራም።

በረራው ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ነበር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። እንደ ወጉ ቀደም ብለን ደርሰን ሻንጣ ማስመዘኛው ጋ ተሰልፈናል። የዚያን ቦታ ትግል የማያውቅ የለም። 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሻንጣ 26 ይላል። ይከፈታል። ቸኮሌቱ ወደ እጅ ቦርሳ፣ የአክስት ጫማ ወደ ወንድም ሻንጣ፣ የልጅ ጃኬት ወደ አባት ትከሻ። ከፊቴ አንድ ጎልማሳ በሐምሌ ሙቀት ሦስት ኮት ደርቦ ላቡን ይጠርጋል። ለቀረችው ግማሽ ኪሎ ከሠራተኛዋ ጋር ሩብ ሰዓት ተከራከረ። ረታም።

እዚያው ከራሱ በላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የአውሮፓ ሕግ ነው ቼክ ኢን ላይ እንዲለጠፍ የሚያስገድደው። ፍሬ ነገሩ፣ በረራህ ከተሰረዘ ወይም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ መብትህ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቅ ነው። ስንት ሻንጣ እዚያ ሥር ተከፍቶ ተዘጋ! ቀና ያለ ግን የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ቀና ብሎ ማንበብ የስስታም ሰው ሥራ ነው።

ልንሳፈር ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ሰሌዳው ተለወጠ። አንዲት ልጅ ማይክ ይዛ ብቅ አለች። በቴክኒክ ችግር ምክንያት በረራው ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። አሥራ አንድ ሰዓት መዘግየት ማለት ነው።

«ተመስገን!» አለች ከጎኔ ያለች ወጣት። «ሰማይ ላይ ቢሆንስ ኖሮ?»

ወዲያው ጉባኤ ተቋቋመ። አንዱ አውሮፕላን አምልጦት ከሞት የተረፈ ዘመድ ነበረው። (ሁላችንም አለን። ምናልባት አንድ ሰው ነው፣ የሁላችንም ዘመድ።) ሌላዋ «ያለ ምክንያት አላዘገየንም» አለች። የተበላሸው ጎማ ይሁን ሞተር ማንም አልጠየቀም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አየር መንገዱ ከጥፋተኛነት ወደ ሕይወት አዳኝነት ተሸጋገረ። ትንሽ ብንቆይ መዋጮ እናወጣለት ነበር።

የበጠበጠን አንድ ጀርመናዊ ብቻ ነው። ተነስቶ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳ። ቦርዲንግ ፓሱን በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ የማይኳን ልጅ የመዘግየቱን ምክንያት በጽሑፍ ስጪኝ አላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ነገረኛ ነው» አለ ባለሦስት ኮቱ። «ሚስቱ ጥላው ሄዳ ይሆናል» አለ ሌላው፣ ከልቡ አዝኖ።

ይሄኔ አንዲት ሰባ ያለፋቸው እናት ፌስታላቸውን ፈትተው ዳቦ ቆሎ ማደል ጀመሩ። ሕጉ እንዲህ ባለ ሰዓት የሚያበላን አየር መንገዱ ነው ይላል። ምግብና መጠጥ፣ ማደር ካለ ሆቴል፣ ሆቴሉ ድረስ መኪና፣ ሁለት የስልክ ጥሪ። በስልኩ ፋንታ ቴሌክስ፣ ያ ድሮ በሽቦ የሚላከው ጽሑፍ፣ መላክም ይቻላል ይላል። በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ሕግ ነው፣ አትፍረዱበት። እማማ ግን ሥርዓቱን ገለበጡት። እኛን አበሉና ቀስ ብለው ተነስተው ለማይኳ ልጅም አንድ እፍኝ ወሰዱላት። «ቆማ ነው የዋለችው፣ ምን በልታ» አሉ። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ተቀበለች። አየር መንገድ የሚያበላ መንገደኛ ከኛ ሌላ ካለ ይምጣ።

ሆቴሉንም የጠየቀው ጀርመናዊው ነው። ሰጡትና ሄዶ ተኛ። ለኛም ይሰጡን ነበር። መክረን ቀረን። «ሄደን አውሮፕላኑ ቢነሳስ?» የሚል ጥያቄ ተነሳና መልስ ጠፋለት። እውነት ነው፣ የተበላሸ አውሮፕላን ሌሊት ራሱን ጠግኖ፣ ጀርመናዊውን ሆቴል ጥሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሊነሳ ይችላል። ጋቢያችንን ለብሰን ወለሉ ላይ ጋደም አልን።

ሕጉን ያነበብኩት እዚያው ወለል ላይ፣ በስልኬ ነው። ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩ 261/2004 ነው። ከየካቲት 2005 ጀምሮ ይሠራል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት የሚነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የማንም አገር ይሁን፣ በዚህ ሕግ ይገዛል። ካሳው በርቀት ነው። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ 400፣ ከኅብረቱ ውጭ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄድክ 600። አዲስ አበባ ከፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። አባቶቻችን አገራችንን ሩቅ ቦታ ያደረጉልን በከንቱ አይደለም።

ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ እንደ ስረዛ ያስከፍላል ያለው በ2009 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ነው፣ ሉክሰምበርግ ተቀምጦ። «የቴክኒክ ችግር» የምትለዋንም ነገር ቀድሞ በ2008 አይቷታል። የአውሮፕላን መበላሸት የሥራው ጠባይ ነው፣ እንደ ድንገተኛ መዓት አይቆጠርም፣ ብሏል። እሳተ ገሞራ፣ ክፉ የአየር ጠባይ ወይም ወፍ ከሆነ ካሳ የለም። ያኔም ቢሆን ማብላቱና ማሳደሩ አይቀርም።

የሳቅኩት ግን በ2014ቱ ውሳኔ ነው። ከሳልዝበርግ ወደ ኮሎኝ የሚበር አንድ አውሮፕላን ዘገየ። ጎማው መሬት ሲነካ መዘግየቱ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነበር። ማቆሚያው ላይ ሲደርስ 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ሆነ። እንግዲህ አውሮፕላን «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? ዳኞች ቁጭ ብለው መከሩበት። በሩ ሲከፈት ነው፣ አሉ። ተሳፋሪው ረታ። ለአምስት ደቂቃ ሉክሰምበርግ ድረስ! እኛን ቢጠይቁን ሳይደክሙ እንነግራቸው ነበር። አውሮፕላን የሚደርሰው ሲጨበጨብለት ነው።

ያነበብኩትን ላካፍል ሞከርኩ። ባለሦስት ኮቱ ኮቶቹን እንደተንተራሰ «እሱ ለነሱ ነው» አለኝ። ሕጉ ፓስፖርት አይጠይቅም አልኩት። ትኬት ቆርጠህ በሰዓቱ ከቀረብክ በቃ። «በኋላ ቪዛ ስጠይቅ ስሜ ቢወጣስ?» አለ አንድ ተማሪ። ከሱ ጎን ያለው ነገሩን ቋጨው። «ለዚህች ብለን ፍርድ ቤት?» ፍርድ ቤት መቼ አልኩ! ስም፣ የበረራ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ያለበት አንድ ቅጽ ነው። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። እምቢ ካሉህ ደግሞ ጀርመኖቹ አስታራቂ ተቋም አላቸው፣ ለመንገደኛ በነፃ። ሽምግልና ማለት ነው! በጫማ ልክ እንኳ ሽማግሌ የምንልከው ሰዎች እዚህ ጋ ስንደርስ «ምን ያጨቃጭቀናል» አልን።

ገንዘቡን የሚያስመልሱ ድርጅቶችም አሉ። ካገኙ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ይወስዳሉ፣ ካላገኙ ምንም። ይህን ስናገር ባለሦስት ኮቱ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ሌቦች! ሁለት መቶ ዩሮ ለማን?» የኔን ሁለት መቶ ዩሮ ከሚበሉ ብሎ ስድስት መቶውን ለአየር መንገዱ ተወላት። ሒሳቡን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። አልገባኝም። ቸርነት በሒሳብ አይገባም መሰለኝ።

ነጋ። ሠራተኞቹ ወረቀት ይዘው መጡ። ለቀጣይ ትኬት የሚሆን የ100 ዩሮ ቫውቸር፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። «አየህ፣ ሳንጨቃጨቅ!» አለኝ ተማሪው። ሕጉ ካሳው በገንዘብ ይከፈል ይላል። በቫውቸር የሚሆነው ተሳፋሪው በፊርማው ከተስማማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ፊርማ አለ።

እማማ ወደኔ ዞሩ። «እስክሪብቶ ይዘሃል ልጄ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩላቸው። እዚህ ላይ ከፈረሙ ከዚህ በረራ ጋር በተያያዘ ሌላ ጥያቄ የለኝም ማለት ነው፣ እማማ። ስድስት መቶው ይቀርብዎታል። ደግሞም በየስንት ጊዜው ነው የሚሄዱት? «በአራት ዓመት፣ ሲሳካ» አሉ። ቫውቸሩ የአንድ ዓመት ነው፣ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ተወው የኔ ልጅ። እነሱም ቸግሯቸው ነው።» እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። ፊደሎቻቸውን አንድ በአንድ፣ በአማርኛ፣ ቀስ አድርገው ፈረሙ። ከኋላቸው ሰልፍ ተያዘ። እስክሪብቶዬ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች።

በአድልዎ እንዳልታማ የሌላውንም አገር ሐበሻ ላንሳ። ቴል አቪቭ ያሉት ወገኖቻችን ከ2012 ጀምሮ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስምንት ሰዓት ከዘገየ እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ወደ እስራኤል የሚገባውንም የሚወጣውንም ይይዛል፣ ስለዚህ የመተው ዕድላቸው ከኛ እጥፍ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ስንመለስ የምንበረው በኅብረቱ አባል አገር አየር መንገድ ካልሆነ ሕጉ አይከተለንም። የማዝነው አሜሪካ ላሉት ነው። በ2024 የወጣው ደንብ በረራው ከተሰረዘ፣ ወይም ዓለም አቀፍ ሆኖ ስድስት ሰዓት ከተዛነፈ፣ አማራጩን ላልፈለገ ሰው የትኬቱ ገንዘብ ሳይጠይቅ ይመለስለት ይላል። ሳይጠይቅ! ሰው በምን አፉ «ይቅር» ይበል? ቸርነቱን ነጠቁት።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም፣ ልቤ አይችልም። የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል የዓለም አቀፍ በረራ ውል አለ፣ ኢትዮጵያም ገብታበታለች። የተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን፣ የዘገየ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ይባላል። እኛ በ7 ቀን ውስጥ የምናደርገው ጎማው የወለቀውን ሻንጣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ነው። እንዲያውም አምሮበት ይሄዳል።

ደግሞ ካሳ አንጠይቅም ማለት ዝም እንላለን ማለት አይደለም። የዚያችን ሌሊት ወሬ ስንት ቡና ላይ አወራኋት! ለቅሶ ቤት ሳይቀር። መዘግየቱ መጀመሪያ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፣ ዘንድሮ ወደ ሃያ ተጠግቷል። ጀርመን ውስጥ ካሳውን ለመጠየቅ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚቆጠር ሦስት ዓመት አለ። በዚህ ከቀጠልኩ ጊዜው ሲያልፍ አንድ ሳምንት ወለል ላይ አድሬያለሁ።

ለማንኛውም ደረስን። ጎማው ቦሌን ሲነካ ጭብጨባው ተነሳ፣ እማማ እልልታውን አቀለጡት። ካፒቴኑ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን ሲል ደግመን አጨበጨብን። ጀርመናዊው ከፊቴ ነበር። ተኝቶ ስላደረ ፊቱ ጥርት ብሏል። በሩ እስኪከፈት ጠበቀ። ሲከፈት ሰዓቱን አይቶ ስልኩ ላይ ጻፈ።

ፓስፖርት ማስመቻው ጋ ልደርስ ስል ከኋላዬ «ልጄ! አንተ ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው፣ ነጠላቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው እየሮጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እስክሪብቶህን! የሰው ንብረት ይዤ ልሄድ ነበር እኮ።»