ፑሉ ከፈለ፤ ዕቃውንስ ማን ቆጠረው?
አንድ ጸሐፊ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለፑል ሂሳብ፣ ማለትም የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሂሳብ በአንድ ላይ ለሚሠራበት አሠራር፣ ኦዲተር ይጨመር ብለው ጽፈዋል። እስማማለሁ፤ ክፍተቱ ግን ከኦዲተሩ በፊት ይጀምራል። ጤናውም ግብርናውም የየራሱ በጀት አለው፤ ክፍያውንና ምዝገባውን ግን አንድ የሂሳብ ቡድን ነው የሚሠራላቸው። ያ ቡድን የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ላይ 50 ወንበር ከተጻፈ ይከፍላል፤ የገባው 42 መሆኑን የሚያውቀው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ክፍል ነው። እባካችሁ ሞዴል 19ኙ ከግዥ ትዕዛዙ፣ ከአቅራቢው ደረሰኝና ከቢን ካርዱ (መጋዘን የገባና የወጣ ዕቃ ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር ይመሳከር። ቢን ካርዱን አምጡ የሚል ጥቂት ነው! የባንክ ማስታረቂያም (መዝገቡን ከባንኩ ሂሳብ ጋር ማመሳከር) በየወሩ ይሠራ፣ የሚሠራውም ገንዘብ ያዡ አይሁን። ሰኔ 30 ሳይደርስ ደግሞ ያልተወራረደ (በማስረጃ ያልተዘጋ) ቅድመ ክፍያ በስም፣ በቀንና በመጠን ተዘርዝሮ ለምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ይቅረብ። በጥቅል ድምር ከቀረበ የማን ዕዳ እንደሆነ ሳይለይ ወደ ሐምሌ ይንከባለላል።