በሁለት ምጥ መካከል ያለችው እረፍት የፅንሱ ናት

ባሕር ዳር ላይ ማዋለጃ ክፍል በር የቆመ ቤተሰብ ምጡ ሲረዝም «ለምን ማፋጠኛ አይሰጧትም?» ማለቱ አይቀርም። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ፅንሱ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ ብናውቅ ሌላ ጥያቄ የምናስቀድም ይመስለኛል።

ማህፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ኦክስጅኑም አብሮ ይቀንሳል። ይህን ቶሎ የሚያውቁት በፅንሱ አንገት ላይ ባሉ ደም ስሮች አጠገብ የሚገኙ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። መልእክታቸው አንጎል ይደርሳል። በቬገስ ነርቭ በኩል ልብ ቀስ እንዲል ትእዛዝ ይወርዳል። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ደግሞ የእጅ፣ የእግር፣ የቆዳና የአንጀት ደም ስሮችን ያጠባሉ። በዚህ የተነሳ የደም ግፊቱ አይወድቅም፣ እንዲያውም ከፍ ይላል። ያለችው ኦክስጅን ለአንጎልና ለልብ ትሄዳለች። ገና ያልተወለደ ልጅ ይህን ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ያደርጋል! ዝርዝሩ የታወቀው በአብዛኛው በበግ ፅንሶች ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ስለዚህ የልብ ምቱ ለአፍታ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ፅንሱ ተሸነፈ ማለት አይደለም። የሚያስፈራው አቅሙ ሲያልቅ ነው። አሲድ ይጠራቀማል፣ የልብ ጡንቻ ይደክማል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ አንጎል ይጎዳል። ከዚህ የሚጠብቀው በሁለት ምጥ መካከል ያለችው እረፍት ናት፤ ኦክስጅኑ የሚመለሰው ያኔ ነው።

ማፋጠኛው ሲበዛ የሚወስደው ይህችኑ እረፍት ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 በላይ ምጥ ከመጣ በዝቷል። መድኃኒቱ በልኩ ሲሰጥ ይጠቅማል፤ ልኩን የሚወስነው ግን የኛ ጉትጎታ መሆን የለበትም።

እኛ መጠየቅ ያለብን «የልብ ምቱን አዳመጣችሁ?» ብለን ነው። ጤናማው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። አዋላጇ ምጡ ካለፈም በኋላ ጆሮዋን ሳታነሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ ማዳመጥ አለባት። እናት ልጁን ለማውጣት መግፋት ከጀመረች ደግሞ በየ5 ደቂቃው። የፅንሱ ልብ የሚደመጥበት ፌቶስኮፕ መብራት አይፈልግም፤ ጣና ዳር ዘጌም፣ ጣና ውስጥ ደቅ ደሴትም ይሠራል። ብዙ ወላዶች በአንዴ የተሰጧት አዋላጅ ግን ይህን እንዴት ትችላለች? ለእኔ ከአዲስ ማሽን በፊት የአዋላጅ ቁጥር ይቀድማል።

የደቅ ደሴት እናት ነገር ደግሞ ይለያል። ፅንሱ መድከሙ ቢታወቅም ወደ ቀዶ ሕክምና የሚወስዳት ጀልባ ነው። ቀኗ ሲቃረብ ሆስፒታል አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይሻላል። ማቆያው ምግብና ለአስታማሚዋ ማደሪያ ከሌለው ግን አትመጣም።