ሮግሊችን ወኔው አልከዳውም፤ ሒሳብ የማይሠራው ሌላ ሰው ነው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ፣ ሾፌሩ ከከፈተው የስፖርት ፕሮግራም ውስጥ የብስክሌት ወሬ ሰማሁ። በእኛ ሬዲዮ ብስክሌት የሚነሣው ከእግር ኳስ ወሬ አምስት ደቂቃ ሲተርፍ ነውና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ምነው ባላደረግሁ! አቅራቢው ሬምኮ ኤቨንፑል ወደ ሬድ ቡል ቦራ ቡድን መዛወሩን አንሥቶ፣ እዚያው ያለው ስሎቬኒያዊ ፕሪሞዥ ሮግሊች ከእንግዲህ ጫማውን ቢሰቅል ይሻለዋል አለ። እስከዚህ ድረስ አስተያየት ነው፤ ማንም የመሰለውን ይናገራል። ደሜን ያፈላው የቀጠለው ነው። ሰውየው የፈረንሳዩን የሦስት ሳምንት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ ስላላሸነፈ የስፖርት ዘመኑ ጎዶሎ ነው፤ በ2020 እጁ የገባውን ድል የጣለው ወኔው ስለከዳው ነው፤ በስፔን ያገኛቸው ድሎችም ትልልቆቹ አርፈው ሳለ የተለቃቀሙ ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! ባልደረባው «ልክ ነው» አለ፣ ሾፌሩም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ስናደድ መውረጃዬን አለፍኩ።

ከሦስቱ ስንኩል የሆነውን ላስቀድም፤ ብዙ አፍ ላይ የሚገኘውም እሱ ነው። «ወኔው ከዳው» የሚለውን። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

መስከረም 19 ቀን 2020። ከፓሪሱ መግቢያ አንድ ቀን በፊት። 36.2 ኪሎ ሜትር የግል ክሮኖ ሜትር (እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት)፣ ሜዳ ሜዳውን ሄዶ መጨረሻው ላ ፕላንሽ ደ ቤል ፊይ የሚባል አቀበት ላይ የሚወጣ። ሮግሊች በጠቅላላ ሰዓት የሚመራው የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለብሶ 11 ቀን ሰንብቷል፤ ከተከታዩ ከአገሩ ልጅ ከታዴይ ፖጋቻር በ57 ሰከንድ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ዓለም የያዘው ፎቶግራፍም አለ፤ ሄልሜቱ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ግንባሩ የተገለጠበት፣ ፊቱ የነጣበት፣ የታላቅ ወንድሙን ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ የመሰለበት። ያ ፎቶግራፍ ነው የፈረደበት። ሰዉ ውጤቱን ትቶ ሄልሜቱን አየ። ሄልሜት የተንጋደደበት ሰው ልቡም ተንጋዷል ተባለ።

እስኪ ወረቀትና እርሳስ እናውጣ። የዚያን ቀን አንደኛ ፖጋቻር ነው። ሁለተኛ ማን ወጣ? ቶም ዱሙላን፤ የሮግሊች የቡድን ጓደኛ፣ በ2017 የዓለም የክሮኖ ሜትር ሻምፒዮን የነበረ፣ ሙያው ሰዓት መቅደም የሆነ ሰው። እሱ በስንት ተቀደመ? በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። ሦስተኛ የወጣው ሪቺ ፖርትም በዚያው 1 ደቂቃ ከ21። ሮግሊች ደግሞ አምስተኛ ሆኖ በ1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ተቀደመ። ቀንሱት። ወኔው ከዳው የተባለው ሰው በዚያ ቀን ከዱሙላን ያነሰው በ35 ሰከንድ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተራራ ተራራ ሲመነጠር ከርሞ፣ ያ ሁሉ ሸክም ትከሻው ላይ እያለ፣ 35 ሰከንድ!

አልጨረስኩም። ፖጋቻር የዚያን ቀን ዱሙላንን ያህል ጋልቦ ቢሆን ኖሮ ከሮግሊች ላይ የሚያነሣው 35 ሰከንድ ነው። የሚያስፈልገው ግን 57 ነበር። ስለዚህ ሮግሊች ሄልሜቱ እንደተንጋደደ፣ ፊቱ እንደነጣ፣ ያንኑ አካሄድ ሄዶ፣ በ22 ሰከንድ ብልጫ ቢጫውን ማሊያ እንደለበሰ ፓሪስ ይገባ ነበር። ቱርን የሚያሸንፍ አካሄድ ነው የሄደው፤ ያውም ከፖጋቻር ሌላ ሦስት ሰው ብቻ በቀደመው ሰዓት። የዚያን ዕለት የተፈጠረው፣ 22ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ቀን የቀረው አንድ ልጅ ማንም ያላሰበውን ማድረጉ ነው። ዓለም ያንን ልጅ እስከ ዛሬ ማቆም አቅቶት፣ እኛ ግን ያቃተው ሮግሊች ብቻ ይመስል እንፈርዳለን። ከዚያ ወዲህ ፖጋቻር በ2021፣ በ2024ና በ2025 ቱርን ሲወስድ የተሸነፉት ሁሉ ወኔ የከዳቸው ናቸው ወይስ ይህ ፍርድ ለሮግሊች ብቻ የተበጀ ነው?

የእኛ ችግር ይኸው ነው። ለሽንፈት ሁለት ምክንያት ብቻ ነው የምናውቀው፤ ወይ ተበደለ ወይ ፈራ። ሌላው ሰው በለጠው የሚባል ሦስተኛ ምክንያት መዝገባችን ላይ የለም። ግን ደግሞ የራሳችን ሰው ሲሆን ሚዛኑ ወዲያው ይስተካከላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ የዓለም ክብረ ወሰን ያመለጠው በሁለት ሰከንድ ነበር። ወኔው ከዳው ያለ ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም፤ ቢኖርም እዚያው ሬዲዮ ላይ ወግረን ነበር የምናስወጣው። ሁለት ሰከንዷን እንደ ቁስል እያሻሸን፣ ሰውየውን ግን አንገታችንን ቀና አድርገን ነው የምንጠራው። ለስሎቬኒያዊው ይህን ያህል ፍርድ ቢነፈገው ምኑ ይገርማል፤ የሌላ ሰው ልጅ ነዋ!

ደግሞስ ወኔ የከዳው ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል? እኔ የማውቀው ቤቱ ይገባል፣ ስልኩን ይዘጋል። ሮግሊች ያንን ሰዓት ከጨረሰ በኋላ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ ፖጋቻርን አቀፈው። በ15ኛው ቀን፣ ጥቅምት 4፣ ቤልጂግ ውስጥ ሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥ በሚባለው የአንድ ቀን ውድድር ላይ ተሰለፈ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተጋልቦ አምስት ሰው ተያይዞ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ገና ሳምንት የሆነው የዓለም ሻምፒዮን ዡሊያን አላፊሊፕ አሸነፍኩ ብሎ መስመሩ ሳይደርስ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሮግሊች እጁን አልዘረጋም፤ ጀርባውን ለጥጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት ወረወራት። የጎማ ውፍረት ያህል ቀደመ። አላፊሊፕ መንገድ በመዝጋቱም ተቀጥቶ አምስተኛ ሆነ። እጁን ቀድሞ የዘረጋው ሌላ ሰው፣ እስከ መስመሩ የታገለው ሮግሊች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የስፔኑን የሦስት ሳምንት ውድድር፣ ቩኤልታን፣ በ24 ሰከንድ ብልጫ አሸነፈ።

በ2021 ደግሞ ቱር በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ወደቀ፤ ከእግር እስከ ትከሻ በፋሻ ተጠቅልሎ ጥቂት ቀን ከተንፏቀቀ በኋላ አቋርጦ ወጣ። አንድ ወር ሳይሞላ ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ክሮኖ ሜትር ወርቅ አጠለቀ። 44.2 ኪሎ ሜትር፤ ሁለተኛውን በ1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ቀድሞ። ሁለተኛው ማን መሰላችሁ? ያው ዱሙላን! በላ ፕላንሽ 35 ሰከንድ የቀደመው ሰው።

ይወድቃል፤ እሱን አልክድም። ብዙ ጊዜ ወድቋል፣ አንዳንዱም የራሱ ጥፋት ነው። በ2022 ቱር የድንጋይ መንገድ ባለበት ቀን መንገድ ላይ ከገባ የጭድ ጥቅል ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ወለቀ፤ መንገድ ዳር ከነበረ ተመልካች ወንበር ተጠቅሞ ራሱ መልሶ አስገባውና የዕለቱን ውድድር ጨረሰ። በ2024ም ቱርን በመውደቅ ነው ያቋረጠው። ነገር ግን ሰውየው ከየት እንደመጣ ማየት ነው። የትርቦቭልዬ ልጅ ነው፣ የከሰል ማዕድን ቀበሌ ነው አገሩ። እኩዮቹ ገና በአፍላነታቸው በመቶ ብስክሌት መሀል ክርን ለክርን መጋፋት ሲማሩ፣ እሱ በረዶ ላይ በሸርተቴ እየተንደረደረ ወደ አየር ይዘል ነበር። በ2007 በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ከአገሩ ቡድን ጋር ወርቅ አግኝቷል። በዚያው ዓመት ፕላኒትሳ ላይ ከትልቁ መዝለያ ሲዘል ክፉኛ ወደቀ። በውድድር ብስክሌት ላይ የተቀመጠው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ በ2013 ለአንድ ትንሽ የአገሩ ቡድን ፈረመ፣ በ2016 የጣሊያኑን የሦስት ሳምንት ውድድር፣ የጂሮ ዲታሊያን፣ አንድ ቀን ክሮኖ ሜትር አሸነፈ። ሦስት ዓመት! እኛ አገር በሦስት ዓመት አንድ የመንገድ ጥገና አያልቅም። ይህ ሰው መጋፋትን ዘግይቶ ተምሮ አንዳንዴ ቢወድቅ ምኑ ይደንቃል? የሚደንቀው ሲነሣ ነው።

ወደ «ስፔን የተለቃቀመ» ልምጣ፤ ይህኛው አጭር ነው። በ2019 ሁለተኛ የወጣው በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ፣ ሦስተኛው ራሱ ፖጋቻር ነበር። በ2020 ሁለተኛ የወጣው ሪቻርድ ካራፓዝ ነው፤ ከዓመት በፊት የጂሮ አሸናፊ። በ2021 ሲያሸንፍ የቱርም የጂሮም ባለድል ኤጋን በርናል ውድድሩ ውስጥ ነበር፤ ስድስተኛ ነው የወጣው። በ2024 ቤን ኦኮነር በአንድ ቀን ማምለጥ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ብልጫ ይዞ ሁለት ሳምንት የመሪውን ቀይ ማሊያ ለበሰ፤ ሮግሊች በሐምሌ ከቱር ወድቆ የወጣ ሰው ሳለ ያንን ሁሉ እየሸረፈ ሸርፎ በ2 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አሸነፈ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ «ያረፉት ትልልቆች»። ቩኤልታን አራት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ሰው ሮቤርቶ ኤራስ ብቻ ነው፤ ያውም አንደኛው ድሉ በአበረታች መድኃኒት ተነጥቆ በፍርድ ቤት የተመለሰለት። ሬዲዮው ይህን ሁሉ «ልቃሚ» ካለው እኔ ልቃሚ ያድርገኝ።

ከ2017 በፊት ቱር ላይ አንድ ቀን እንኳ ያሸነፈ ስሎቬኒያዊ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጋሊቢዬን ተሻግሮ ሴር ሼቫልዬ ላይ ብቻውን የገባው ሮግሊች የመጀመሪያው ነው። የሦስት ሳምንት ውድድር በማሸነፍም ከአገሩ እሱ የመጀመሪያው። የሕዝቡ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን ገደማ የሆነ አገር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ቱርን አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ መንገዱን የጠረገውን ሰው በመጥረጊያው መሳቅ ምን ይሉታል?

ጡረታ ይውጣ ለተባለው ግን አንድ ነገር ብቻ ልንገር፤ በ2023 ጂሮ ዲታሊያ ከመጠናቀቁ አንድ ቀን በፊት፣ በ33 ዓመቱ፣ ያው ታሪክ ዳግም ገጠመው። የግል ክሮኖ ሜትር፣ መጨረሻው አቀበት፣ የማሊያው ጉዳይ በዚያው ቀን የሚቆረጥ። ቦታው ሞንቴ ሉሳሪ፣ ከስሎቬኒያ ድንበር አጠገብ ያለ የጣሊያን ተራራ፤ አቀበቱን ግራና ቀኝ የሞላው የአገሩ ሰው ነበር። በዚህ ጊዜ ተከታዩ እሱ ነው፤ ጌራይንት ቶማስ በ26 ሰከንድ ይቀድመዋል። ሮግሊች ዳገቱ በጠነከረበት መሀል ላይ፣ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ካቴናው ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የማየው እኔ። ቴሌቪዥን ላይ ያለቀ ነገር ነበር የሚመስለው። ሰውየው ግን ብስክሌቱን አልወረወረም፣ እጁን አላወናጨፈም፣ መኪናውን ዘወር ብሎ እንኳ አልጮኸበትም። ወረደ። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን በጣቱ አስገባው። ብስክሌቱ ላይ ወጣ፤ ግን እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ከቆመ ብስክሌት መነሣት ዘበት ነው። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ሮጦ ወገቡን ይዞ ገፋው፤ በኋላ ሲታወቅ በበረዶ ዝላይ ዘመኑ አብሮት የነበረ የቡድን ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። መስመሩን ሲያልፍ ቶማስን 40 ሰከንድ ቀድሞታል፤ ጂሮውን በ14 ሰከንድ ወሰደ።

ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አለ። አቅራቢው ከመጪው ቅዳሜ በፊት ይመልከተው።