ማስተካከያ፦ የነጣ ኮራል ሁሉ የሞተ አይደለም

ስለ ባሕር ጠለቃ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ ስለ ኮራል (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር እንስሳ) ስናወሳ «ነጭ ሆኖ የሚታይ ኮራል ሞቷል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ኮራል ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅበት በአካሉ ውስጥ የሚኖሩትንና አብዛኛውን ምግቡን የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች (ዕፅዋት መሰል ሕያዋን) ያስወጣል፤ ቀለሙም አብሯቸው ይሄዳል። ያኔ ተርቧል እንጂ ሕይወቱ አልወጣችም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል። የሞተው ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል። ስለዚህ ጠላቂ ሲመዘግብ «የነጣ» እና «የሞተ» የሚለውን ለየብቻ ይጻፍ።

በቀቀን ዓሣንም «ሪፍ አጥፊ» (ሪፍ ኮራሎች የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ክምር ነው) ማለታችን የችኮላ ፍርድ ነበር፤ ኮራል ቢነክስም አልጌውን እየጋጠ ለአዲስ ኮራል ቦታ ያጸዳል።

ሌላው፣ በጠላቂ ጀርባ ያለው «የኦክስጅን ጋን» አብዛኛውን ጊዜ የታመቀ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሊመርዝ ይችላል።