ሆሮ ስትሻሻል መታቀፏ እንዳይረሳ

ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሀበሻ ዝርያ የሆነችውን የወለጋዋን የሆሮ ዶሮ ከውጭ ዝርያ ሳያዳቅል በራሷ ደም እያሻሻለ ስለመሆኑ የጻፋችሁትን ደስ ብሎኝ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ብዙ የሚጥሉትንና ቶሎ የሚያድጉትን እየመረጡ ማራባት ትዕግሥት ይጠይቃል። እጃችሁ ይባረክ!

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ግቢ ውስጥ የደቡብ አፍሪካዋ ኮኮክና የሀበሻ ዶሮ አብረው ኖረዋል። ኮኮክ እንቁላል አትሰስትም፤ መታቀፍ ግን የለም። ጥላ ትሄዳለች። ቀይዋ የሀበሻ ዶሮ ደግሞ 21 ቀን ሙሉ ለጥሬና ለውሃ ብቻ እየተነሳች ትፈለፍላለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ድምፅዋን ትቀይራለች፤ ጫጩቶቹ በአንዴ ክንፏ ሥር ናቸው።

ኮኮክን አልጠላም። እሷም የደቡብ አፍሪካዋ ፖቸፍስትሩም ከተማ ውስጥ ከአውስትራሎርፕና ከሌግሆርን የዶሮ ዝርያዎች ተዳቅላ የተገኘች የሰው ልፋት ናት። ግን ለማስፈልፈያ ማሽን የሚሆን መብራት የሌለው ገበሬ በምን ያስፈልፍል? ሁልጊዜ ጫጩት ሊገዛ ነው። እንቁላል ብቻ እየተቆጠረ ከተመረጠ ሆሮም መታቀፍ ልትተው ትችላለች። እባካችሁ፣ ከሚመረጡት እናቶች መካከል ጥሩ ታቃፊዎቹም ይመዝገቡ። የውጭ አውራ ዶሮ መንደር ውስጥ ዝም ብሎ መልቀቁም ቢቀር ጥሩ ነው፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ንጹሕ ሆሮ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።